ያልጮኸ ጉድጓድ

የባሩድን ክንድ ወንድሙ የሰበረው ሐሙስ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አርባ ሰው እያየ ነው።

ባሩድ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። በድንጋይ ካባው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድማሚት ሲያፈነዳ ስለኖረ የወጣለት ነው። በግራ እጁ ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ቀኝ ጆሮው ስለማይሰማ ሰው ሲያናግረው ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ የማያውቀው ሁሉ የናቀው ይመስለዋል። ዕድሜው ስልሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ከካባው በታች ካሉት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ብቻውን ይኖራል። ከጎኑ ያለው ቤት የታናሽ ወንድሙ ነው። ወንድሙ የመቦርቦሪያ ብረትና መሮ ስለሚሞርድ ሰው ሞራጁ ይለዋል። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል። ሆኖም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ያን ሐሙስ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ማንኪያ ሁሉ ቆሞ ነበር። ግድግዳው ላይ በሽቦ ተከልሎ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ካርታ ያሳያል፤ ካርታው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከሰማይ የሚመጣ ቋጥኝ አለ ተባለ። አስትሮይድ አሉት። ስፋቱ የእነሱን ካባ ያህላል። ካልተነካ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ቀዩ መስመር ላይ አንድ ቦታ ይወድቃል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው የመስመሩ መነሻ ነው ተባለ። መነሻው ደግሞ እነሱ ነበሩ። መንኮራኩር ልከን እንግጨውና መንገዱን እናስቀይረው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እጃችንን እንሰብስብ የሚሉም አሉ።

«እኔ እንደሆነ ጡረታ የምወጣው በአሥራ አምስተኛው ወር ነው» አለ የገልባጩ መኪና ሹፌር። «በአንድ ወር ልቀደም?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«ገጭተው ቢሰባብሩትስ? አንዱን ፈርተን አሥር ሊሆንብን?» አለ ድንጋይ መፍጫው ላይ የሚሠራው።

«አሥር ትንንሽ ይሻልሃል አንድ ትልቅ?»

«እኔ ምንም አይሻለኝም። ምሳዬን ልብላበት።»

«ጋሽ ባሩድ፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ» አለ ሹፌሩ። «ድንጋይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ባሩድ የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። «ይገፋ» አለ። «ሩቅ ሳለ በትንሽ ግፊት ይሄዳል። የሚከብደው ከቀረበ ወዲያ ነው።»

ሞራጁ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ ዲጂኖ ይዟል፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ተሸክሞ የሚዞር ሰው ስለሆነ ልብ ያለው አልነበረም። ከባሩድ ጠረጴዛ ዘንድ ደርሶ ቆመ።

«እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ» አለው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ባሩድ የወንድሙን ድምፅ ሰምቶ ዲጂኖውን አየና ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባው። ግራ እጁን አውጥቶ ሳህኑ አጠገብ ዘረጋ። ዲጂኖው ከክርኑ በታች ወረደ። ሳህኑ ተሰበረ፣ ጠረጴዛው ተሰነጠቀ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ።

«ዛሬም ድንጋይ ይነካ ትላለህ» አለ ሞራጁ።

አራት ሰዎች ዘለው ያዙት። አንዱ በቡጢ አፉን አለው፤ ሁለተኛው ዲጂኖውን ሊቀማው ሲታገል ሞራጁ ጣቱን ነከሰው። ባሩድ ፊቱ አመድ መስሎ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ተዉት» አለ። «ተዉት፣ ይሂድ።»

ፖሊስ ሲጠይቀው ደረጃ ላይ ወደቅሁ አለ። ክበቡ ደረጃ የለውም።

ነገሩ የተጀመረው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ከሠራተኛ ቤቶቹ በላይ፣ ካባው ጫፍ ላይ አንድ ቋጥኝ ተንጠልጥሎ ነበር። ሠራተኞቹ ጎረምሳው ይሉታል። በዚያ ዓመት ዝናቡ በርትቶ ከጎረምሳው ጀርባ ያለው ስንጥቅ በየቀኑ ይሰፋ ጀመር። ባሩድ ማታ ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ይሰካል፤ ጠዋት ሽብልቁ ወርዶ ያገኘዋል። ከሥሩ አሥራ አንድ ቤት አለ።

የካባው ሥራ አስኪያጅ ይተው አለ። ቤቶቹ ይልቀቁና ድንጋዩ በራሱ ጊዜ ይውረድ አለ። በራሱ ጊዜ ማለት ነገም ሊሆን ይችላል፣ ከአምስት ዓመት በኋላም። ባሩድ ግን ዘጠኝ ጉድጓድ ቦርቡሮ በድማሚት በመግፋት ወደ ገደሉ ሊጥለው እንደሚችል ተናገረ። ሦስት ቀን ተከራከረ። በመጨረሻም ተፈቀደለት።

ካባው የራሱ ደንብ ነበረው፤ ወገን ማስቀመጥ ይሉታል። አፈንጂው «እዚህ ጋ አደጋ የለም» ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ የራሱ ሰው ይቀመጣል። ሚስቱ፣ ልጁ፣ ወንድሙ፣ ማንም ይሁን፣ የእሱ ወገን መሆን አለበት። ሌላው ሠራተኛ ቃሉን የሚያምነው ያኔ ነው። ባሩድ ሰዎቹ ሁሉ ሚዛን ቤቱ ጀርባ ይሰብሰቡ አለ። ሚዛን ቤቱ በወፍራም ግንብ የተሠራ፣ ከጎረምሳው ሦስት መቶ እርምጃ ወደ ጎን የራቀ ነው። ሚስቱ አተር የሞላ ሳህን ይዛ ከሁሉም ፊት ሚዛን ቤቱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠችና መፈልፈል ጀመረች። የወንድሙ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ፌንጣ፣ ተከትላት ገባች። ፌንጣ ያሏት መራመድ ትታ ስለምትዘል ነው። አባቷ ነይ ቢላት፣ «እኔም የአጎቴ ወገን ነኝ» አለች። ሰው ሳቀ። ሞራጁም ሳቀና ተዋት።

ሦስት ጊዜ ተፏጨ። ባሩድ ክሩን ለኩሶ ወደ ሰዎቹ ሮጠና እየቆጠረ ጠበቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጉድጓዶቹ በየተራ ጮኹ። ስምንት ቆጠረ። ዘጠነኛው አልጮኸም።

ጎረምሳው ከተነቀለ በኋላ የቀረውን ግፊት አላገኘም። ወደ ገደሉ ማዘንበል ሲገባው ተሽከረከረ፣ ከታች ያለው ወጣ ያለ አለት ላይ ነጥሮ ወደ ጎን ዞረ። አሥራ አንዱ ቤት ደህና ቀረ። ሚዛን ቤቱ ግን ፊት ለፊቱ ለመኪና መግቢያ ክፍት ነበር፤ ድንጋዩ በዚያ ገባ፤ ጀርባ የቆሙት ሰዎች አቧራ ብቻ ነው የለበሱት፤ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ግን ከሥሩ ቀሩ።

ሰው ሁሉ ለመሮጥ ተነሳ። ያኔ የባሩድ አፍ ባሩድን ሳይጠይቅ ተናገረ። «ያልጮኸ ጉድጓድ አለ። ማንም አይጠጋ።» አፈንጂ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው። ያልጮኸ ጉድጓድ የሞተ ጉድጓድ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርቡትም። ሠራተኞቹ ከልማድ የተነሳ ባሉበት ቆሙ። ባሩድም ቆመ። ከፍርስራሹ ሥር ፌንጣ አባቷን ስትጣራ ይሰማል።

ሞራጁ ብቻ ሮጠ። በባዶ እጁ ድንጋይ ፈነቀለ፤ ጥፍሮቹ ተነቀሉ። ዘጠነኛው ጉድጓድ በላዩ ሳይፈነዳ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልፈነዳም። ልጅቱ አሥር ደቂቃ ያህል ተጣራች። ሌሎቹ እጃቸውን ጨምረው ቢያግዙት ኖሮ በአሥር ደቂቃ ይደርሱባት ነበር። ሲያገኛት የባሩድ ሚስት በላይዋ ተደፍታ ነበር፤ ጭንቅላቷ አልነበረም። ልጅቱ ትንፋሿ ቆሟል፤ እጇ ውስጥ አተር እንደያዘች ግን ገና ትሞቅ ነበር።

ሞራጁ ወንድሙን በድንጋዩ አልከሰሰውም። ድንጋይ ይስታል። ቂም የያዘበት ቆሞ በሰማቸው አሥር ደቂቃዎች ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ብሎ አልጠራውም፤ ምንም ብሎም አልጠራውም። በየዓመቱ ዝናቡ ባበቃ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ደጅ ይወጣና በቡጢ ልክ የሆነ ድንጋይ በባሩድ መስኮት ይወረውራል። መስታወቱ ይረግፋል። ባሩድ ይጠርጋል፣ አዲስ መስታወት ያስገባል። በዋዜማው መስታወት ቤት ሄዶ አስቆርጦ ስለሚያስቀምጥ ጊዜ አይፈጅበትም።

ባሩድ በበኩሉ «ያልጮኸ ጉድጓድ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ ካፉ አላወጣም። በሥራ ላይ ሲያጋጥመው ክንዱን ወደ ላይ ያነሳል። ሠራተኞቹ ለመዱት።

የክንዱ ጀሶ ሳይወልቅ ከተማው ታመሰ። ይገፋ የሚሉትና አይነካ የሚሉት መንገድ ለመንገድ ተፈነካከቱ። አይነካ ባዮች የፀጉር አስተካካዩን ሱቅ ግድግዳው ላይ «ይገፋ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አቃጠሉት፤ የጻፈው ግን እሱ አልነበረም። ይገፋ ባዮች የሒሳብ አስተማሪውን አራት ጥርስ አረገፉ። አውቶቡስ ተራ ላይ ከቀዩ መስመር ለመሸሽ የሚጋፋው ሕዝብ አንዲት ነፍሰ ጡር ረግጦ ገደለ። ቋጥኙ ገና ከፀሐይ ወዲያ ነበር።

በአራተኛው ወር ኮሚቴ መጣ። መንግሥት ሕዝቡን ሳይጠይቅ አይወስንም ተብሎ ስለነበር በመስመሩ ላይ ያሉት ከተሞች ሁሉ በየተራ እጅ ያወጣሉ። በካባው ሰፈር ስብሰባው ክበቡ ውስጥ ሆነ። የኮሚቴው መሐንዲስ ወጣት ሴት ናት። ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ በጠመኔ ረጅም መስመር አሰመረች።

«ሙሉ ግፊት ካገኘ ምድርን ስቶ ያልፋል» አለች። «ግፊቱ ካነሰ ግን አይስትም። በዚህ መስመር ላይ እየተንሸራተተ ይሄድና ሌላ ቦታ ይወድቃል። እናንተ ጋ አይሆንም። እዚህ ይሆናል።» ከመስመሩ ጫፍ ላይ ቆመች። ጫፉ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ያለችው የጨው ማውጫ ከተማ ነበረች።

«እነሱ ምን አሉ?» አለ ባሩድ።

«ትናንት ተጠየቁ። ይገፋ አሉ፤ በሰባት ሰው ብልጫ።»

ከድንጋይ መፍጫ ሠራተኞቹ በኩል፣ «ታዲያ እዚያ ማን ይቀመጣል?» የሚል ድምፅ መጣ።

መሐንዲሷ አልገባትም። ሌላው ሁሉ ግን ገብቶት ወደ ባሩድ ዞረ።

«እኔ እቀመጣለሁ» አለ ባሩድ።

«ደንቡ አፈንጂውን አይልም» አለ ሞራጁ ከበሩ። «ወገኑን ነው የሚለው። እሱ ወገን የለውም። ጨርሷቸዋል።»

እጅ አውጡ ሲባል ከሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው መቶ ዘጠና ሁለቱ አወጡ። ባሩድ የተጠማዘዘውን እጁን አወጣ። የሞራጁ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር።

መንኮራኩሩ ተላከ። በዐሥረኛው ወር ላይ ባሩድ ከሥራ ተሰናብቶ ሁለት ሸሚዝና መላጫውን በቦርሳ ከቶ ወደ ጨው ከተማዋ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወደዚያ የሚሄድ አልነበረም። ሊነሳ ሲል አንድ ሰው ገብቶ ጎኑ ተቀመጠ። ሞራጁ ነው።

ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ሞራጁ መናገር ጀመረ።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አላልኩም» አለ ባሩድ።

«ምን አላልክም?»

«ይቅር በለኝ አላልኩም።»

«ጥሩ። ደንቡ ወገን ስለሚል ነው የመጣሁት። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም።»

«ክንድህ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው?»

«ጠማማ ሆኖ ነው።»

«ሐኪሙ ጅል ነው» አለና ሞራጁ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኛ።

በጨው ከተማዋ የተከራዩት ክፍል ከጨው መፈተጊያው ጀርባ፣ ባሏ ከሞተባት ሴት ቤት ውስጥ ነው። ሴትየዋ ጨው በማዳበሪያ እየሞላች ትሰፋለች፤ ጣቶቿ ሁሉ ተሰነጣጥቀዋል። መስማት የተሳናቸው ሽማግሌ አባቷ ቀኑን ሙሉ ትልቁ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ጨው ሜዳውን ያያሉ። ወንድማማቾቹን ገና በመጀመሪያው ቀን ትልቁ ድንጋይና ትንሹ ድንጋይ አለቻቸው።

«ሰው ከዚህ እየሸሸ እናንተ የመጣችሁት ምን ሆናችሁ ነው?»

«እንዲገፋ እጅ አውጥቻለሁ» አለ ባሩድ።

«እኔ አይነካ ነው ያልኩት» አለች። «ይሁን፣ አልጋው ያው ነው። ትንሹ ድንጋይ የሚያንኮራፋ ከሆነ ግን ይንገሩኝ።»

በዐሥራ ሁለተኛው ወር መንኮራኩሩ ቋጥኙን ገጨ። ትልቁ ምድርን እንደሚስት ተረጋገጠ፤ ሰው በየመንገዱ ተቃቀፈ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ወሬ መጣ። ከግጭቱ አንዲት ቁራሽ ተገንጥላለች፤ የአንድ ሰፊ ቤት ያህል ትሆናለች። እሷን የሚገፋ ሁለተኛ መንኮራኩር የለም። አየር ላይ ትፈነዳለች፤ የምትፈነዳው ከጨው ከተማዋ በላይ ነው። ቀኑና ሰዓቱ ተነገረ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል።

መሄድ የሚችለው ሄደ። አውቶቡስ ያጣው፣ አልጋ ላይ ያለው፣ ቤቴን አልለቅም ያለው ቀረ። ስድስት ሺህ ሰው ይሆናል። ባሩድ ጠማማ እጁን እያወዛወዘ በር ለበር ዞረ።

«መጀመሪያ የምታዩት ብርሃን ነው» ይላል። «ድምፁ ወዲያው አይመጣም። ሰው የሚሞተው ብርሃኑን አይቶ ምንድን ነው ብሎ መስኮት ሲሄድ ነው። ብርሃን ስታዩ ወለል ላይ ተደፉ። ከመስታወት ራቁ። ስልሳ ቁጠሩ።»

ስልሳ ያለው በልቡ ሒሳብ ነው። ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ስንት እንደሚዘገይ ዕድሜውን ሙሉ ቆጥሯል። ቁራሿ ስንት ከፍታ ላይ እንደምትፈነዳ ግን ማንም በእርግጥ አልነገረውም። ስልሳ ሞልቶ ድምፅ ካልመጣስ ብሎ የጠየቀው የለም፤ ቢጠየቅ መልሱ ሃያ ሦስት ዓመት ያልተነፈሰው ቃል ነበር። እሱም አላነሳው።

«የእናንተ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስተኛው?» አለች የጨው ሴትየዋ። ለአባቷ ግን በጣት እያሳየች አስተማረቻቸው፤ መደፋት፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ ዐሥር ጣት።

በተባለው ጠዋት አራቱም አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ብርሃኑ በግድግዳው፣ በወለሉ፣ በጣቶቻቸው መካከል ገባ። ጥላቸው ግድግዳው ላይ ዞረ። ፊታቸውን ሙቀት ጠበሰው። ባሩድ ሴትየዋን ጎትቶ ከአልጋው ሥር ከተታት፤ ሽማግሌው ራሳቸው ተደፉ። ሞራጁ በር ሥር ተጋደመ። ባሩድ ድምፁን ከፍ አድርጎ መቁጠር ጀመረ። ከየጎረቤቱም ሲቆጠር ይሰማል፤ ሰፈሩ በሙሉ እየቆጠረ ነው። ሃያ። አርባ። ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳ።

ምንም የለም።

በመንገዱ ማዶ በር ተከፈተ። አንድ ሰው ሳቀ። «አለፈ» አለ ሌላው። መስኮቶች ላይ ፊቶች ታዩ። ሽማግሌው ጣታቸውን ቆጥረው ጨርሰው ስለነበር ተነስተው ወደ ትልቁ መስኮት ሄዱ፤ ሰማዩ ላይ የቀረውን ነጭ ጭስ ሊያዩ።

«ያልጮኸ ጉድጓድ!» አለ ሞራጁ።

ጩኸቱ ባሩድን ወለሉ ላይ አደረቀው፤ እንደ ያኔው ባለበት ቀረ። ሞራጁ ግን እንደ ያኔው ሮጠ። ሽማግሌውን ከወገባቸው ይዞ ወደ ኋላ ወረወራቸው። ጀርባውን ለመስኮቱ ሊሰጥ ሲዞር ከብርሃኑ ወዲህ ሰማንያ አራት ሴኮንድ ሞላ።

ድምፁ ድምፅ አልነበረም። አየሩ ቤቱን መታው። ጣሪያው ተነስቶ ተመለሰ። የመስኮቱ መስታወት ከነክፈፉ ገባ። የመንገዱ ማዶ ግድግዳ ተንበረከከና አቧራ ሆነ። ከዚያ በየቦታው ብርጭቆ መርገፍ ጀመረ፤ ከተማው ሁሉ ለረጅም ጊዜ ረገፈ።

ባሩድ ወንድሙን ሲያገኘው በጉልበቱ ቆሞ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጓል። በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። ባሩድ እጆቹን አወረዳቸው። አንደኛው ዓይን አልነበረም፤ ሁለተኛው ውስጥ የአውራ ጣት ርዝመት ያለው ስባሪ ቆሟል።

«ሽማግሌውስ?» አለ ሞራጁ።

«ደህና ናቸው።»

«አትንቀለው። ሐኪም ይንቀለው።»

«አልነቅለውም።»

በዚያ ቀን በጨው ከተማዋ ሰባት ሰው ሞተ። ባሩድ ሬሳ ሲያነሳ ዋለ፤ ሁሉንም አንገታቸው ወይም ፊታቸው ላይ ነው መስታወቱ ያገኛቸው። አንዷ ሟች ልብስ ሰፊ ናት፤ ስልሳ ስትል ጎረቤት ሰምቷታል። አንድ ጀልባ ጠጋኝ እጁ ውስጥ ሰዓት ይዞ ነው የተገኘው። ሰባቱም የሞቱት መስኮት ላይ ነው፤ ሰባቱም የባሩድን ቃል ሰምተው ስልሳ የቆጠሩ ነበሩ። የቀረው ስድስት ሺህ ሰው ግን መሬት ላይ ተደፍቶ ስለነበር ተረፈ። ያን ዕለት ማታ ራዲዮው ተሳክቷል አለ፤ የካባው ከተማ እንዳለ ነው፣ ትልቁ ቋጥኝ ሄዷል፣ ጉዳቱ ከተፈራው እጅግ ያነሰ ነው አለ። ባሩድ ራዲዮውን አልዘጋውም፤ እስኪጨርስ ሰማው።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ገባ። የወንድሙ ራስ በፋሻ ተጠቅልሎ አፉ ብቻ ይታያል።

«ስልሳ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ ባሩድ።

«አውቃለሁ። አብሬህ ስቆጥር ነበር።»

«ሰባት ሰው ነው።»

«ቃሉን ማለት አቅቶህ ነው አይደል?»

ሞራጁ በእጁ አልጋውን ዳብሶ የወንድሙን ጠማማ ክንድ አገኘና በኃይል፣ በጥፍሩ፣ ቆዳው እስኪነጭ ጨመቀው። ሲለቀው አራት ደም የቋጠሩ ምልክቶች ቀሩ።

«አሁን በል» አለው።

«ያልጮኸ ጉድጓድ» አለ ባሩድ።

«እንዲያ።»

ወደ ቤታቸው የተመለሱት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። ሞራጁ ዓይኑ አላየም፤ አያይምም። ባሩድ ግድግዳውን አንኳኩቶ ምግብ በበሩ ያቀብለዋል፤ ሞራጁ ጨው በዝቷል ይላል። ዝናቡ አበቃ። ዓርብ ዕለት ባሩድ መስታወት ቤት ሄዶ ያንኑ ልክ አስቆርጦ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞራጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ደጅ ወጣ። እጁ ውስጥ ድንጋይ አለ፤ በመዳፉ እየመዘነ መርጦታል። ባሩድ ደፉ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ሞራጁ ጥቂት እርምጃ ከግድግዳው ርቆ ቆመና ወደዚህም ወደዚያም ዞረ። አንዴ ወደ ጎረቤቱ በር፣ አንዴ ወደ መንገዱ ዞረ። መንገዱ ላይ ሁለት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ጋሼ» አለ። «መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

ባሩድ ተነስቶ ትከሻውን ያዘው። «ወደ ግራ። ትንሽ። ከዚህ በላይ አይሂድ።»

«እንዲህ?»

«ትንሽ ወደ ቀኝ መልሰው። እንዲያ።»

«ከፍ ይበል?»

«እጅህን አንድ ስንዝር ከፍ አድርግ።»

ሞራጁ ወረወረ። መስታወቱ መሃሉ ተበስቶ ረገፈ። የመጨረሻዋ ስባሪ እስክትወድቅ ጆሮውን አቅንቶ ቆሞ አዳመጠ።

«ሁሉም ወረደ?»

«አንዷ ጥግ ላይ ቀርታለች።»

«አውርዳት። ሰው ትቆርጣለች።»

ባሩድ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አወረዳት። ከዚያ ወንድሙን ደፉ ላይ አስቀምጦ መጥረጊያ አመጣ።

«እግርህን አንሳ» አለው።

ሞራጁ እግሩን አነሳ፤ ባሩድም ከሥሩ ጠረገ።